ቀን ቀን ወንድ የነበረችው ልጄ

ልጄ ወንድ የሆነችው ሲሪንቃ ላይ፣ አይሱዙ ላይ ስንሳፈር ነው።

ነሐሴ ነበር። ጦርነቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ወልዲያ ተጠግቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ መርሳና ወደ ደሴ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ስለሆነ «ንብረቱን ለማን ጥዬ ልሂድ? እናንተ ቅደሙ» ብሎ ቀረ። አንባቢ በከንቱ እንዳይጨነቅ አሁኑኑ ልናገር፤ በኋላ በሰላም ተገናኝተናል፤ ይህን ስጽፍም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ልጄን ይዤ በእግሬ ሲሪንቃ ደረስኩ።

ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቅማል ስላስቸገራት ጸጉሯን ላጭቻታለሁ። ለመንገድ ቀሚስ አይመችም ብዬ ደግሞ የእህቴን ልጅ አሮጌ ሱሪ አለበስኳት። ወንድ ላስመስላት አስቤ አልነበረም። መኪናው ላይ ሰው በሰው ላይ ሲጫን፣ እሷ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ እያለቀሰች አልወጣም አለች። ረዳቱ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋላት።

«ና ጎበዝ! ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ? ና ውጣና እናትህን ከላይ ሆነህ ሳባት!»

ልጄ ረዳቱን አየችው። ከዚያ ከኋላዋ ሌላ ልጅ ይኖር እንደሆነ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ለቅሶዋን ዋጥ አደረገች፤ ቀሚሴን ለቀቀችና ሁለት እጇን ሰጠችው። ከላይ ከደረሰች በኋላ የምሯን ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

ይህ ለሌላ እናት ቀላል ነገር ሊመስላት ይችላል። ለእኔ ግን አልነበረም። ከዓመት በፊት ከተማችን ስትያዝ ከቤት ሳንወጣ ከርመናል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አልጋ ሥር እንገባለን፤ እሷም ቀሚሴን ትይዛለች። ድምፁ ካለፈ በኋላ ግን እጇ አልለቀቀም። ውሃ ስቀዳ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ሽንት ቤት ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እጇ ቀሚሴ ላይ ነው። ቀሚሶቼ በሙሉ በቀኝ በኩል ሳስተው ነበር። «ልጅ አይደለች፣ ትተወዋለች» ይሉኛል፤ አልተወችውም። ገርፌያት አላውቅም፤ በከረሜላም ሞክሬያለሁ፣ በጸበልም ሞክሬያለሁ። እኔም ፈሪ ነኝ፤ ከእኔ የወረሰችው ይሆናል እያልኩ አዝን ነበር። እኔ ዓመት ሙሉ ያላላቀቅኩትን እጅ ስሙን እንኳ የማላውቀው ረዳት በአንድ ቃል አላቀቀው።

እስከ መርሳ ድረስ አጠገባችን የተቀመጡት ሁሉ «አንተ» እያሉ አዋሯት። እሷም አላረመቻቸውም። እኔም አላረምኳቸውም።

መርሳ ትምህርት ቤቶቹ በሰው ሞልተዋል። አንዲት ፓፓያ የምትሸጥ ሴት «እዚያ ማዶ አንዲት ባልቴት ክፍል አላቸው፤ ግን ሰው ይመርጣሉ» አለችኝ። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ አሮጊት ናቸው። መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ልጄን ነው።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን እማማ። እኔና ልጄ።»

«ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ዘመቱብኝ። ግቢው ወና ሆነ። ትናንት አንዲቱ ሴት ልጆቿን አስከትላ መጥታ መልሻታለሁ፤ በዚህ ጊዜ የሴት ልጅ ሐሳብ አልችልም። ይህ ግን ይላላከኛል። አንተ! ትላላከኛለህ?»

«አዎ!» አለች ልጄ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ነበር።

እውነቱን ልናገር አስቤ አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ እግር መዘርጊያ የሌለው የትምህርት ቤት ክፍል አለ። ከፊቴ ልጄ ቀሚሴን ሳትይዝ ቆማለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ዛሬም ቢሆን እዘጋዋለሁ።

ግቢው ውስጥ ሌላ አንድ ተከራይ ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሙስሊም። አንድ እግሩ ከልጅነቱ የተጎዳ ስለሆነ አልዘመተም። ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ደሴ ልኮ እሱ ከስፌት መኪናው ጋር ቀርቷል። ልጄን ገና ከመግባታችን «ማሻአላህ፣ ለግቢያችን ዘበኛ መጣለት» አላት። በነጋታው መኪናው አጠገብ የክር ማጠንጠኛ ደርድራ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ። «ምሳ ሲደርስ ጥሪኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ሱሪዋን ስትለብስ ወንድ ትሆናለች። ዱላ ትከሻዋ ላይ አግድማ ሁለት እጇን ታንጠለጥልበታለች። እግሯን ከፈት አድርጋ ትቀመጣለች። እንደ ሰፊው ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆማ ልትሸና ሞክራ ሱሪዋን አራሰችው፤ ያለችን ሱሪ አንዲት ስለሆነች እስክትደርቅ ድረስ ነጠላዬን አገልድማ ክፍል ውስጥ ዋለች። ያን ቀን በጣም ተናደደች። «ለምንድን ነው እኔ ላይ የሚፈሰው?» ትለኛለች። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አንድ ሌላ ቀን በሩ ላይ ተቀምጣ «ውሃ አምጪልኝ» አለችኝ፤ ልክ ደክሞት እንደመጣ ሰው። መጀመሪያ ላመጣላት ተነሳሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ልጅ ስለማሳደግ ያነበብኩት ነገር የለም። ግን ይህችን ከአሁኑ ካላስተካከልኳት እንደምትበላሽ ገባኝ።

«ወንድ ልጅ እጅ የለውም እንዴ? እንስራው እዚያ ነው፣ ቀድተህ ጠጣ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ወንድ ይቀዳል?»

«አባትህ አይቀዳም?»

ባለቤቴ ይቀዳል። ተነስታ ቀዳች። ለእኔም አመጣችልኝ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ማታ ማታ የምታደርገው ነበር። ሲመሽ ሱሪዋን አጥቤ አሰጣዋለሁ፤ እሷም በሸሚዝ ሆና ክፍል ውስጥ ትጫወታለች። አሮጊቷ ከግቢያቸው ያልበሰለች ትንሽ ፓፓያ ሰጥተዋት ነበር። እሷን በሻሽ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ ታዝላለች፤ እሹሩሩ ትላለች፤ ታጠባለች። በጠዋት ወንድ ስትሆን ፓፓያዋን አልጋው ላይ አስተኝታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን ልጇ ታመመባትና በጠራራ ፀሐይ፣ በሱሪ፣ ፓፓያዋን አዝላ ወደ ግቢው ወጣች። አሮጊቷ ቃሪያ እየቆረጡ ነበር።

«አንተ! ምንድን ነው ጀርባህ ላይ ያለው?»

«ልጄ ነው። አሞታል።»

«ወንድ ልጅ ያዝላል? አውርድ! ያየህ ሰው ምን ይላል?»

«እናቱ ደሴ ሄዳለች» አለች ልጄ ሳትደነግጥ። «እኔ አባቱ ነኝ። ማን ይዘለው ታዲያ?»

ሰፊው መኪናውን አቁሞ ሳቀ። «ወላሂ ልክ ነው እማማ! እኔም ልጆቼን ከመላኬ በፊት አዝያለሁ። ሰው ሳያየኝ ነው እንጂ።»

«አንተ ደግሞ ታባልገዋለህ» አሉት አሮጊቷ፤ ግን ፓፓያው አልወረደም። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ባለቤቴን አስታወስኩ። ተስቦ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ በሩን ዘግቶ ይህችኑ ልጅ አዝሎ ቤት ጠርጓል። ጎረቤት ሲመጣ ፈትቶ አልጋ ላይ ያስቀምጣታል። እሷ ያን ጊዜ ገና አትናገርም ነበር፤ ከየት እንደሰማችው አላውቅም።

በየቀኑ ግን እፈራ ነበር። አሮጊቷ ሲያውቁ ምን ይሉኝ ይሆን? የት ልገባ ነው? ሽንት ቤት ስትሄድ እየተከተልኩ በሩ ላይ እቆም ነበር፤ ሰውነቷን ሳጥባት በሩን በድንጋይ እደግፍ ነበር። «እውነቱን ተናግሬ ልገላገል» ብዬ ተነስቼ፣ ልጄ አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ብቻዋን ሳሙና ገዝታ ስትመለስ አይቼ መልሼ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። ወልዲያ ሳለን ከበሩ ደፍ ብቻዋን አትሻገርም ነበር።

እንዲህ እያልን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ደረሰ። አሮጊቷ ልጆቻቸው ቢመጡ ብለው ያሳደጓት ቀይ ዶሮ ነበረቻቸው። ልጆቹ አልመጡም። «ይምጡም ይቅሩም ዓመቱ ዶሮ ሳይሸትበት አይለወጥም» ብለው ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ዋሉ። እኔ ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ፤ እዚያ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይይዛል ይባላል። ባለቤቴን ለማግኘት ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልገባልኝም። ስመለስ ግቢው ውስጥ የተነከረ ላባ ይሸታል። ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ቀኝ እጇን ከፊቷ ዘርግታ ይዛዋለች፤ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«እኔ ነኝ ያረድኳት» አለችኝ።

እንዴት እንደሆነ ቆይቶ ሰፊው ነገረኝ። በሀገራችን ሴት አታርድም። እኛ ክርስቲያኖቹም እንደዚያው፣ ሙስሊሞቹም እንደዚያው ናቸው። ወንድ በቤት ከሌለ ሴቲቱ ዶሮዋን ታቅፋ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች፤ አላፊ መንገደኛም ቢሆን ትለምናለች። ያን ዕለት አሮጊቷ ቢዞሩ ቢዞሩ የሰፈሩ ወንድ የለም፤ ሁሉም ዘምቷል ወይም ሸሽቷል። ያለው ወንድ ሰፊው ብቻ ነው።

«እኔ ባርድልዎ እርስዎ አይበሉም፤ እርስዎ ቢያሳርዱ እኔ አልበላም» አላቸው። «ይቺ ዶሮ ዕድሏ ነው፣ ትኑር።»

ያን ጊዜ አሮጊቷ ዐይናቸው ልጄ ላይ አረፈ። ትንሽ ወንድ ልጅም ቢሆን ቢላውን ከያዘ ወንድ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ እኔም በልጅነቴ አይቻለሁ። ዶሮዋን ራሳቸው ያዙ፤ የልጄን እጅ በእጃቸው ይዘው ቢላው ላይ አደረጉት። «በስመ አብ በል» አሏት። አለች። ሰፊው እንዳለኝ ዐይኗን አልጨፈነችም።

እኔ ይህን ገና ሳልሰማ፣ ደሙን አይቼ ብቻ ነገሩ ገባኝ። አሮጊቷ ከማዕድ ቤት ተጣሩ።

«መጣሽ? ነይ እስቲ፣ ብልቱን አንቺ አውጪልኝ፤ የእኔ ዐይን አያይም። ልጅሽ ዛሬ ጎበዝ ሆኖ ዋለ!»

ገባሁ። ዶሮዋ ገና ሳትበለት በሎሚና በጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፋለች። ቁሌቱ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ቅቤው ገብቶበታል። ቢላውን ሰጡኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ያልነኩትን ነገር፣ በዓመት በዓል፣ በእኔ ዝምታ ሊበሉ ነው። ስለ ክፍል ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ሰው አፍ ውስጥ ሊገባ ስላለ ነገር ዝም ማለት ሌላ ነው።

ቢላውን አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ልጄ ሴት ናት።»

«ምን አልሽ?»

«ሴት ናት። ጸጉሯን በቅማል ምክንያት ነው የላጨኋት። ሱሪው ለመንገድ ነበር። ከመኪናው ላይ ጀምሮ ሰው ወንድ አላት፤ እሷም ወደደችው።»

ከውጭ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አሮጊቷ ማማሰያውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ድስቱን ከእሳቱ አወረዱና ወደ በሩ ሄዱ።

«ነይ ወዲህ!» አሉ። ልጄ መጣች። ቀሚሴ አጠገቧ ነበር፤ አልያዘችውም።

«ወንድ ነህ ወይስ ሴት ነሽ?»

ልጄ አሮጊቷን አየች፣ እኔን አየች። አስባ መለሰች። «ቀን ቀን ወንድ ነኝ። ማታ ሱሪዬ ሲታጠብ ሴት ነኝ።»

«ዶሮዋን ስታርጂስ?»

«ቀን ነበራ!»

ሰፊው ከውጭ ሆኖ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አሮጊቷ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«እንዲህ አድርጎ ያሳሳታት ማን ነው? አንቺ ነሽ?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። ወልዲያ ጎረቤቶቼ ዛሬም የሚያውቁኝ ድምፄ በማይሰማ ሴትነቴ ነው። ያን ዕለት ግን የተናገርኩት ሌላ ሰው የተናገረው ያህል ጥርት ብሎ ወጣ።

«ማንም አላሳሳታትም። ጨዋታዋ ነው። ይህች ልጅ ዓመት ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ነው የኖረችው እማማ፤ ከአልጋ ሥር ከወጣን ወዲህ። ወንድ ስትሆን ትለቀኛለች። ሱቅ የላኳት እርስዎ ነዎት፤ ብቻዋን ሄዳ አልመጣችም? ቢያስወጡኝ እወጣለሁ። እሷን ግን ተይ አልላትም።»

ማማሰያውን ወደ ድስቱ መለሱ። ቁሌቱ ከእሳት ወርዶም ጠጠጠ ይላል።

«ዶሮዋን ለውሻ ስጪው» አሉ በመጨረሻ።

«አልሰጥም። እኔ እበላዋለሁ።»

«ሴት ያረደችውን?»

«ልጄ ያረደችውን።»

እኔም ያደግኩት ሴት አታርድም ተብዬ ነው፤ እንደማንኛዋም ሴት ዶሮ ታቅፌ ደጅ ለደጅ ዞሬያለሁ። ግን ልጄ ደረቷን ነፍታ እያየችኝ፣ ያደረገችው ነገር እንደ ርኩስ ነገር ውሻ ፊት ሲጣል እንድታይ አልፈለግሁም። ብልቱን አወጣሁ። ከሰል ለኩሼ የራሴን ትንሽ ድስት በራችን ላይ ጣድኩ። ያለኝ ሽንኩርትና ትንሽ ዘይት ብቻ ነው።

አሮጊቷ ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ቆዩ። ድስቱ ውስጥ ቅቤና በርበሬ የበላ ቁሌት አለ፤ የሚገባበት ሥጋ የለም። ሰፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እማማ፣ እንቁላል የለዎትም እንዴ?»

«አለ። ምን ያደርግልኛል?»

«እንቁላል ይታረዳል እንዴ?»

ከዚያ የእንቁላል መቀቀያው ክዳን ተንቃጨለ።

«አንተ ልብስ ሰፊ፣ ሼህ መሆን ነበረብህ» አሉት።

«ሼህ ብሆን ማን ሱሪ ይጠግንልዎ ነበር?»

ቁሌቱን በእንቁላል ጨረሱት። ጥቂት ቆይተው ጭልፋቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሰል መጡ። የእኔን ድስት ወጥ አዩት፤ ነጭ ነው። ከራሳቸው ቁሌት ሁለት ሦስት ጭልፋ ጨለፉበት።

«የዓመት በዓል ዶሮ በዘይት አይሠራም» አሉና ተመለሱ።

ያን ምሽት በረንዳው ላይ መሶቡን ሲያቀርቡ ሰፊውን ጠሩት። «እህ፣ እኔንማ» ብሎ ሊያመነታ ሲል «የታረደ ነገር የለበትም፤ ራስህ አይደለህ ያልከው?» አሉት። እውነትም የለበትም። እስከዚያ ቀን ድረስ እኚህ ሁለት ሰዎች ለበዓል ተጠራርተው በአንድ መሶብ በልተው እንደማያውቁ እሱ ነው የነገረኝ፤ በየበዓሉ የሚሰጣጡት ዳቦና ለውዝ ብቻ ነበር። አሁን እንቁላሉን ተካፍለው ይበላሉ። እኔና ልጄ ከአጠገባቸው፣ ከራሳችን ትሪ ላይ ዶሮውን እንበላለን።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ ነኝ የጎረስኩት። ሁሉም እያዩኝ ነበር። ወረደልኝ። ለልጄ እግሩን ሰጠኋት።

«ይጣፍጣል?» አሏት አሮጊቷ።

«በጣም! ይጉረሱ እማማ» አለችና ቆርሳ ዘረጋችላቸው።

አሮጊቷ የተዘረጋውን እጅ አዩት። «እኔ ይቅርብኝ። ጥርስ የለኝም» አሉ። ጥርስ አላቸው፤ ቀን ቆሎ ሲቆረጥሙ ይውላሉ። ልጄ ግን አመነቻቸውና ራሷ ጎረሰችው። ይህን ውሸት እስከ ዛሬ እወድላቸዋለሁ። በኋላ የንስሐ አባታቸውን ስለ ነገሩ መጠየቃቸውን አውቃለሁ፤ ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መሶቡ ከተነሳ በኋላ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ክፍሉን መቼ ልልቀቅ?» አልኳቸው።

«ማን ልቀቂ አለሽ?»

«ሴት ልጅ አልቀበልም ብለውኝ ነበር።»

«የሴት ልጅ ሐሳብ አልችልም ነው ያልኩሽ» አሉ። መሬቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ሐሳቡ ይኸው ገባብኝ። ኖርሽም ሄድሽም አይወጣልኝም። ሂጂ ተኚ።»

በነጋታው አዲስ ዓመት ነበር። በደህናው ጊዜ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ በወረቀት ላይ አበባና መላእክት ሥለው በየበሩ ያድላሉ። በዚያ ዓመት ማን ይወጣል ብለን ነበር፤ ግን ረፋዱ ላይ ከውጭ የከበሮ ድምፅ ተሰማ። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ተፈናቃይም አብረው አሉበት። አንዳንዷ የክት ቀሚስ ለብሳለች፤ አንዳንዷ ከቤቷ ስትወጣ የነበረውን።

ልጄ በሱሪዋ ሆና ከሰፊው አጠገብ በልብስ መለኪያ ወረቀት ላይ ትሥላለች። በየወረቀቱ ዶሮ ነው የሣለችው፤ ትልቅ ቀይ ዶሮ። ከበሮውን ስትሰማ እርሳሷን አቆመች።

«እነሱ ሴት ብቻ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ይሰጣሉ።»

«እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ።»

አሮጊቷን አየኋቸው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ለዘፋኞቹ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ሰምተዋል። በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ሰፋ አድርገው ከፈቱት።

«ሁለቱንም አድርጊ» አልኳት።

ሥዕሎቿን ጠቀለለች። ከልጃገረዶቹ መሐል ገባች። አንዷ «አንተ ወንድ ነህ፣ ውጣ» ስትላት ሰማሁ፤ እሷ ምን ብላ እንደመለሰች ከበሮው አላሰማኝም፤ ብቻ ልጅቷ ከያዘችው አደይ ግማሹን ስትሰጣት አየሁ። ከበሩ ወጡ። ከጎረቤቱ በር ላይ ልጄ በአንድ እጇ አበባ ከፍ አድርጋ ስትዘፍን፣ በሌላ እጇ ለቤቱ እመቤት ሥዕል ስታቀብል ይታየኛል።

እግሬ ሊከተላት ተነሳ። አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ።

«አስፋልቱን እንዳትሻገሩ!» ብለው ለሁሉም ጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ተቀመጪ። ዳቦ ቁረሺልኝ፤ ሌሎችም ይመጣሉ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ከበሮው ከበር ወደ በር እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻ የመንገዱን ማጠፊያ ሲዞሩ ልጄ ከሁሉ ቀድማ ነበር። ወደ ኋላ ዞራ አላየችም። እኔም ዳቦውን መቁረስ ቀጠልኩ።